ለተሰነጠቀ የጊታር ራስ የትኛው ኮላ ይሻላል?

የአሮጌ አኮስቲክ ጊታር ራስ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲሰነጠቅ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ «ሱፐር ግሉ ጠብ ላድርግበት?» አታድርጉ። ቢጫውን የእንጨት ኮላ ግዙ።

ሱፐር ግሉን የሚያስመርጠው ርካሽነቱ ነው። በግራም ሲሰላ ግን ከሁሉም ውድ ነው፤ ቱቦው ጥቂት ግራም ብቻ ይይዛል፣ ከተከፈተ በኋላም ቶሎ ይደርቃል። የአኮስቲክ ጊታር ስድስት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ፤ እንደ መስታወት ደርቆ የሚሰበር ማጣበቂያ ይህን ጭነትና ድንገተኛ ምትን ለረጅም ጊዜ አይችልም። የባሰው ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ መቅረቱ ነው። አንድ ጠጋኝ በሱፐር ግሉ አጣብቆት እንደገና የተከፈተ ጊታር አይቻለሁ፤ የደረቀውን ፍቆ ማውጣቱ ብቻ ከዋናው ጥገና በላይ አስወጣ። ያ ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ኢፖክሲ የሚያስፈልገው እንጨቱ ተፈርፍሮ ክፍተት ሲኖር ነው። ስንጥቁ ገጥሞ የሚዘጋ ከሆነ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራውን ትኩስ ኮላ አከብራለሁ። በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፣ አዲሱም በአሮጌው ላይ ይይዛል፤ የድሮ ውድ ጊታር ካላችሁ እሱን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጉ። ለአንድ ጥገና ብሎ 60 ዲግሪ ገደማ የሚያቆይ ማሞቂያ መግዛት ግን ብክነት ነው፤ ሳትቸኩሉ ለመሥራትም ጊዜ አይሰጥም።

የኔ ምርጫ ታይትቦንድ ኦሪጅናል ወይም ተመሳሳዩ ቢጫ ኮላ ነው። ትንሿን ጠርሙስ ግዙ፤ ለብዙ ጥገና ትበቃለች። ውኃ የማያስገባው ታይትቦንድ ቁጥር ሦስት ዋጋው ይበልጣል፣ ጊታር ግን ዝናብ ላይ አያድርም። ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ የቀጠነ ነጭ ኮላ ሞልቶ የሚሸጥ አለ። ፕላስቲክ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ደህናው ጠንክሮ ይደርቃል፣ መናኛው እንደ ጎማ ይለጠጣል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚጎተት ክር የሠራም ጊዜው አልፏል።

በኮላው የተረፋችሁን ገንዘብ ክላምፕ ላይ፣ ማለትም ኮላው እስኪደርቅ እንጨቱን አጥብቆ በሚይዘው መቆንጠጫ ላይ አውሉት። ክሮቹን አውጡ፣ ስንጥቁን በጥቂቱ ከፈት አድርጋችሁ ኮላውን በቀጭን ምላጭ እስከ ጥልቁ አስገቡ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ብረት ላይ እንዳይፈስ ግን ጠብቁ። ከክላምፑ ስር የሰም ወረቀት አድርጉ፣ ተርፎ የወጣውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ክር አትወጥሩ።

ይህ ሁሉ ግን ስንጥቁ በእንጨቱ ክሮች አቅጣጫ ረዘም ብሎ ሲሄድ ነው። የጊታሩ ራስ በአጭሩ ተቆርጦ ከሆነ ማንኛውም ኮላ ብቻውን አይበቃም፤ በጀርባው ተጨማሪ እንጨት ተገጥሞ መጠናከር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያው ስንት እንደሚጠይቅ እወቁ፣ ከዚያ ያንኑ ዓይነት ደህና ጊታር ከሚገዛበት ዋጋ ጋር አመዛዝኑት።