በራችን ዝናቡን ቻለው፤ ቫርኒሽ ካልገዛህ ላለኝ ሻጭ መልስ

የውጭ በራችንን ቀለም በተቀላቀለበት የእንጨት ዘይት ከቀባሁት ወራት አልፈዋል። ዝናብም ፀሐይም ተፈራርቀውበታል። ግን አልተላጠም፣ አላበጠም፣ መቃኑን ሳይታከክ በአንድ ጣት ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ሻጩ የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ ካልገዛህ ብሎ ሙጭጭ ብሎብኝ ነበር። «ውኃ አያስገባም!» ይላል። እሺ፣ አዲስ ሲሆን አያስገባም። ሲሰነጠቅስ? እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተጋገረው ሽፋን ድርቅ ያለ ከሆነ ይህን መከተል አይችልም። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ከሥሩ ያነሳዋል። ጥርት ባለው ቫርኒሽ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ያልፋል። ጨረሩ የእንጨቱን ቃጫዎች አያይዞ የያዘውን ሊግኒን ይሰባብራል። ታዲያ ቫርኒሹ ምኑን ይዞ ሊቆም ነው? ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ቫርኒሽ አለ፤ ይሻላል። አንዴ መላጥ ከጀመረ ግን እሱም ተፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ዘይቱ ውስጥ ያለው ቀለም ግን ጨረሩን ራሱ ይመክታል። አንጸባራቂ ለሚወድ ሰው ይህ ዘይት አይሆንም፤ መልኩ ደብዘዝ ያለ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የበሩ ግርጌ ነው። ብዙ ሰው ፊቱን አሳምሮ ይቀባና የማይታየውን የታች ጠርዝ ይተወዋል። እኔ በሩን ከማጠፊያው አውርጄ አጋደምኩት። የቋሚ እንጨቶቹ የተቆረጠ ጫፍ ዘይቱን ብሩሹ ሳይነሳ ምጥጥ ያደርገው ነበር። ስጨምርለት ይጠጣል፣ ስጨምርለት ይጠጣል፤ በመጨረሻ ጠገበና ዘይቱ ላዩ ላይ ቀረ። ውኃም የሚገባው በዚያው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ከአናጺ መላጊያ የዳነው በዚህ ይመስለኛል። የላይኛውንም ጠርዝ እንዲሁ አጠገብኩት።

አሁን ዝናብ ሲመታው ውኃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል። ከደፉ ከፍ ብሎ፣ ከመሬት የሚፈናጠረው ውኃ የሚያርፍበት ጣውላ ላይ ብቻ ጠብታው ተዘርግቶ እየሰረገ፣ እንጨቱን ጠቆር ማድረግ ጀምሯል። እዚያ ጋ ዘይቱ ሳስቷል ማለት ነው። ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይነካካል፣ ዘይት ይደገምበታል፣ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። ሌላውን መንካት አያስፈልግም። ቫርኒሽ ቢሆን ኖሮ ቦታው እንደ ድሪቶ ይታይ ነበር።

በጣሳው ላይ በትልቁ መጻፍ የነበረበት፣ ሻጩም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። ዘይቱ የተጠረገበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት።