የኤልመር ኪዝ መሣሪያዎች ጨረታ፦ ዋጋው፣ ወረቀቱና ወጥመዱ

የአሜሪካ ሽጉጥ ወዳጆች ሲሰባሰቡ የኤልመር ኪዝ ስም ሳይነሳ አይቀርም። በ1899 ሚዙሪ ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ከብት ጠበቀ፣ አዳኞችን መራ፣ ስለ መሣሪያ ለአሥርተ ዓመታት ጻፈ፣ በ1984 አረፈ። ፋብሪካዎች .44 ማግነም የተባለውን ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይት በ1955 ማብቂያ ላይ እስኪያወጡ ድረስ ሲወተውታቸው የኖረው እሱ ነው። የግል መሣሪያዎቹ አይዳሆ ግዛት፣ ቦይዚ ከተማ በሚገኘው ካቤላስ የተባለ የአደን ዕቃ መደብር ለጎብኚ ተደርድረው ከቆዩ በኋላ በማርች 2015 ለጨረታ ቀረቡ። አጫራቹ ሜይን ግዛት፣ ፌርፊልድ የነበረው ጄምስ ዲ. ጁሊያ ነው። ይህ ድርጅት በ2017 ማብቂያ ሞርፊ ወደተባለ ሌላ አጫራች ተጠቃሏል። ከስብስቡ የወጣ አንድ ሽጉጥ ነገ በሌላ አጫራች ካታሎግ ላይ ብቅ ቢል ግን ገዢው የሚጋፈጠው ያንኑ የ2015ቱን ጥያቄ ነው፦ የኪዝ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ስሙስ ስንት ያወጣል?

የጨረታው አውራ “ቁጥር 5” የሚባለው ስድስት ጎራሽ ኮልት ነበር። ታሪኩ ከአደጋ ይጀምራል፦ በጁላይ 4 ቀን 1925 ኪዝ ለአሜሪካ የነጻነት በዓል ሲተኩስ የ.45 ኮልቱ ከበሮ (ጥይቶቹ የሚገቡበት የሚዞር ክፍል) ፈነዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ.45 ጥይት ሰፊ ስለሆነ በከበሮው ጎጆዎች መካከል የሚቀረው ብረት ስስ ነው፤ ባሩዱ ሲበዛ አይችለውም። በዚያው መጠን ከበሮ ላይ ጠበብ ያለው .44 ስፔሻል ጥይት ሲገባ ግድግዳው ይወፍራል፤ ኪዝም ወደዚያ ዞረ። በ1928 ደግሞ ሃሮልድ ክሮፍት የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ከ1 እስከ 4 ቁጥር የሰጣቸውን የተሻሻሉ ሽጉጦች ይዞ ኪዝ ይኖርበት ወደነበረው ኦሪገን ሄደ። ከእነሱ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የተሠራው አምስተኛው ነው፤ ኪዝም በ1929 በአሜሪካን ራይፍልማን መጽሔት ለአንባቢ አስተዋወቀው።

ሽጉጡን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከፋብሪካ ወጥቶ በብዙ እጅ የታደሰ መሆኑን ወዲያው ይለያል። አፈሙዙ አምስት ተኩል ኢንች ነው። የእጀታው ጀርባ ቢዝሊ ከተባለው የኮልት ሞዴል፣ የምላጩ ከለላ ከተራው የኮልት ሞዴል ተወስደው ተገጣጥመዋል። የፍሬሙ (የሽጉጡ ዋና አካል) አናት ጠፍጣፋ ሆኖ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ተቀምጦበታል። ከበሮውን የሚይዘው ዘንግ በተራ ኮልት ላይ ኃይለኛ ጥይት ሲተኮስ ወደ ፊት እየሾለከ ያስቸግራል፤ እዚህ ላይ የሚዞር ትንሽ ማንሻ ቆልፎ ይዞታል። እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው።

አሁን ይህንኑ ሽጉጥ የኪዝ ስም ሳይኖረው አስቡት። ፍሬሙ ተሞርዷል፣ እጀታው ከሌላ ሞዴል መጥቷል፣ ማነጣጠሪያው ተቀይሯል። ኮልት ሰብሳቢ ዘንድ ይህ የተበላሸ ሽጉጥ ነው፤ ዋጋውም ካልተነካው ወንድሙ እጅግ ያንሳል። ጨረታው ላይ ግን 80,500 ዶላር አወጣ። ልዩነቱ የወረቀት ዋጋ ነው። በእኛ ግምገማ የዚህ ሽያጭ ትልቁ ጥንካሬም እዚያ ላይ ነበር፦ መሣሪያዎቹ በቀጥታ ከቤተሰቡ መጡ፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳለ ስለ ብዙዎቹ ጽፏል፣ ፎቶግራፍም ተነስቶባቸዋል። ከሻጭ ወደ ሻጭ ሲንከባለል ከቆየ “የእገሌ ነበር” ወሬ ይህ በብዙ ይለያል።

ዋጋ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በዜና የሚወጣው ቁጥር አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የተጠራው አይደለም፤ የገዢ ኮሚሽን ተደምሮበታል። 80,500ን ለ1.15 (የተጠራው ዋጋና 15 በመቶ ኮሚሽን) ብታካፍሉት ድፍን 70,000 ይወጣል። በጁን 2012 ዳላስ ላይ ሄሪቴጅ የተባለው አጫራች የሸጠው የአልሞ ተኳሿ የአኒ ኦክሊ ፓርከር ጠመንጃ 143,400 ዶላር ተብሎ ተዘገበ፤ ለ1.195 ሲካፈል 120,000 ነው። ሮክ አይላንድ የተባለው አጫራች በዲሴምበር 2022 በ910,625 ዶላር የሸጠው የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥም በ1.175 ሲሰላ 775,000 ይሆናል። አገር ቤት ሲፒኦ አሲዞ በታሸገ ፖስታ መጫረት የለመደ ሰው ይህን ያስተውል። እጅ ባወጣ ቁጥር ከጠራው በላይ ለመክፈል እየተስማማ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራ። ሁሉንም ወጪ ጨምሮ 10,000 ዶላር ያለው ሰው፣ ኮሚሽኑ 20 በመቶ፣ የሽያጭ ታክሱ 7 በመቶ፣ ማጓጓዣና የተቀባይ ነጋዴ ክፍያ 200 ዶላር ቢሆንበት፣ 9,800ን ለ1.284 ያካፍላል። ጣሪያው 7,600 ገደማ ነው። በኢንተርኔት መድረክ ከተጫረተ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ መቶኛ ስላለ ከዚህም ዝቅ ይላል።

ወረቀቱን ስትመረምሩ የቤተሰቡ ደብዳቤ ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ። “የአባቴ ሽጉጥ ነበር” የሚል ያለ ቁጥር የተጻፈ ደብዳቤ ከየትኛውም ሽጉጥ ጋር ሊጣመር ይችላል። ቀጥሎ የድሮ ፎቶግራፍ ይፈለግና የዝሆን ጥርሱ የተፈጥሮ መስመርና ስንጥቅ ከአሁኑ ጋር ይተያያል፤ ይህን አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው። ከኮልት የሚገኘው የማኅደር ደብዳቤ ሽጉጡ መቼና ለማን እንደተላከ፣ የአፈሙዙን ርዝመትና የጥይቱን ዓይነት ይናገራል። እንደ ቁጥር 5 ያለ የተለወጠ ሽጉጥ ከደብዳቤው ጋር ባይገጥም አያስደነግጥም፤ አልተነካም ተብሎ የቀረበ ሽጉጥ ካልገጠመ ግን መተው ነው። ከኪዝ ስብስብ መጣ ለሚባል ደግሞ የ2015ቱ ካታሎግ ገጽ፣ የሎት (በጨረታው የዕቃው ተራ) ቁጥሩና የግዢ ደረሰኙ አብረው ካልቀረቡ ስሙን ከዋጋው ቀንሱ።

የዝሆን ጥርስ እጀታ ዛሬ የራሱ ጣጣ አለው። ይህ ሽያጭ ከተካሄደ በኋላ፣ ከጁላይ 6 ቀን 2016 ጀምሮ፣ አሜሪካ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድን አጥብቃለች። ከግዛት ወደ ግዛት ለመሸጥ ዕቃው ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ አለበለዚያም ጥርሱ ከ200 ግራም ማነሱንና የቀሩትን መስፈርቶች ማሟላቱን ማሳየት ያስፈልጋል። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያ የየራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው።

የመሣሪያ ሕጉ ላይ መስመሩ 1898 ነው። እስከዚያ ዓመት የተሠራ በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ የሚታየውም የፍሬሙ ዕድሜ እንጂ እድሳቱ የተደረገበት ጊዜ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን አጫራቹ ወደ ቤት አይልክም። ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ይሄዳል፣ ገዢው ቅጽ 4473ን ሞልቶ የኋላ ታሪክ ማጣራት ያልፋል። የሰብሳቢ ፈቃድ የያዙ ሰዎች 50 ዓመት የሞላው ሁሉ በቀጥታ ለእነሱ ሊላክ የሚችል ይመስላቸዋል፤ በዕድሜ ብቻ የሚያልፈው ግን እንደ ተሠራ ያለ መሣሪያ ነው፣ የተለወጠው ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል። አሜሪካ ላሉ ወገኖች፦ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልኖረው በቀር ሕጉ ይከለክለዋል። ለማስታወሻ ብሎ በሻንጣ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትማ አይታሰብ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ወንጀል አድርጎታል።

ከኪዝ ዓይነት ስብስብ ገንዘብ የሚባክነው በመካከለኛው ረድፍ ላይ ነው። ባለቤቱ ያልጻፈበት፣ ፎቶ ያልተነሳበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ መደርደሪያ ላይ የኖረ ጠመንጃ በጨረታው ሙቀት ከአውራዎቹ ጋር አብሮ ይወጣና ዳግም ሲሸጥ ወደ ተራ ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ገንዘብ ብዙ የተሠራበት፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ በጽሑፍ የተጠቀሰ አንድ ሽጉጥ መያዝ ይሻላል። ከተገዛ በኋላም አይተኮስበት፤ የኪዝ ጥይቶች ለብረቱ ወሰን የቀረቡ ስለነበሩ ከበሮው ምን ያህል እንደደከመ በዓይን አይለይም።