ባለ ቋሚ ዘንግ የነፋስ ተርባይን በቦሩ ሜዳ፦ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ተርባይን ነው፦ ሦስት ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየም ክንፎች፣ መሃል ላይ ግማሽ በርሜል የሚመስሉ ሁለት ጽዋዎች። ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር፣ የክንፉ ቁመት 1.5 ሜትር፤ ካርቶኑ ላይ 600 ዋት ይላል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለ 24 ቮልት ባትሪ ሲሞላ ቆይቷል። እንደገና ቢመረጥ ይገዛል ወይ? አዎ፣ ግን በ600 ዋት ሂሳብ አይደለም።

ቁጥሩን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ሊያጣራው ይችላል። ክንፉ የሚጠርገው ስፋት 1.2 ሲባዛ በ1.5፣ ማለትም 1.8 ካሬ ሜትር ነው። ቦሩ ሜዳ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በኪዩቢክ ሜትር 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ባሕር ጠለል ላይ ግን 1.225። ሩቡ ገና ከመጀመሪያው ጎደለ ማለት ነው። በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ በዚህ ስፋት የሚያልፈው ኃይል 103 ዋት ነው። የቤትዝ ሕግ ማንኛውም ተርባይን ከነፋሱ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም ይላል፤ ይህን የመሰለ ትንሽ ማሽን ደግሞ ሩቡን ከያዘ ጎበዝ ነው። ዲናሞውና ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ድርሻቸውን ሲወስዱ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 19 ዋት ገደማ ነው። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሞላ ኃይሉ 8 እጥፍ ያድጋል፣ 155 ዋት አካባቢ። በ12 ሜትር እንኳ 600 ዋት ለማግኘት ከነፋሱ 42 በመቶውን እስከ ባትሪው ማድረስ ያስፈልጋል። ከዚህ ዓይነት ማሽን ይህ አይገኝም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋት ሳይሆን ስለ ዲያሜትርና ቁመት ይጠይቁ።

የንድፉ ጥሩ ጎን መሃሉ ላይ ያሉት ጽዋዎች ናቸው። ቀጥ ያለ ክንፍ የሚሠራው ከነፋሱ ፈጥኖ ሲዞር ነው፤ ቆሞ ሳለ በራሱ ለመነሳት ይቸገራል። ጽዋው ነፋሱ ስለሚገፋው በቀላሉ ይነሳል፣ ክንፎቹንም ይዞ ያስነሳቸዋል። መጠኑ ግን ወሳኝ ነው። የጽዋው ጫፍ ከመሃል 20 ሴንቲ ሜትር፣ የክንፉ 60 ነው። ክንፉ በነፋሱ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ሲሮጥ ጽዋው በነፋሱ ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይዞራል፣ ስለዚህ አሁንም ይረዳል። ጽዋውን ትልቅ አድርገው የክንፉን ግማሽ ያደረሱ ሞዴሎች አሉ፤ ክንፉ ከነፋሱ ብዙ ሲፈጥን ጽዋው መግፋቱን ትቶ ሸክም ይሆናል፣ ከኋላው የሚጥለው የተረበሸ አየርም የሚመለሰውን ክንፍ ያዳክመዋል።

ደካማው ጎን ክንፉን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ናቸው። ጠፍጣፋ ብረት ናቸው፣ የብሎኖቹም ራስ ውጭ ቀርቷል። ክንድ ኃይል አያመነጭም፣ አየሩ ወደ ኋላ ይጎትተዋል እንጂ። ጠርዙን በሞረድ ማለስለስና የብሎኑን ራስ ማስገባት የቶርኖ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከፋብሪካው ቢመጣ ግን ምንኛ ጥሩ ነበር። ጠመዝማዛ ክንፍ ያለውን ለሚያማርጡ ደግሞ፦ ጥምዝምዙ ግፊቱን አስተካክሎ ንዝረትን ይቀንሳል፣ የሚጠርገውን ስፋት ግን አይጨምርም።

ምሰሶው ከማሽኑ ይልቅ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል። በ3 ሜትር ምሰሶ ፋንታ 9 ሜትር ቢተከል፣ በክፍት ሜዳ በተለመደው የ1/7 ሂሳብ (የነፋስ ፍጥነት ከከፍታ ጋር በ1/7 ርቢ ያድጋል የሚለው) ፍጥነቱ 17 በመቶ፣ ኃይሉ 60 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ከሆነ ሂሳቡ ይፈርሳል። «ባለ ቋሚ ዘንግ ተርባይን ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ግድ የለውም» የሚባለው እውነት ነው፤ ከዛፍ ጀርባ ግን የአቅጣጫው መለዋወጥ ሳይሆን የነፋሱ መዳከም ነው ችግሩ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መትከል ፈጽሞ አይመከርም፣ ንዝረቱ ወደ ቤቱ ይወርዳልና።

ብሎኖቹ ለምን እንደሚላሉ ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይገፋል። በደቂቃ 160 ዙር ቢዞር በቀን 230 ሺህ ዙር ነው። ተራ ዳዶ ይህን አይችልም፤ ድርብ ዳዶና የብሎን ሙጫ ያስፈልጋል፣ በየወሩም በቁልፍ መፈተሽ። በበጋ አቧራው የክንፉን ፊት ስለሚያሻክረው በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። ታችኛው ኩሽኔታ የማሽኑን ክብደት ሁሉ ስለሚሸከም ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።

ሽቦውንም አይናቁ። በ30 ሜትር ርቀት 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ሽቦ 6.5 አምፔር ሲያልፍበት 2.7 ቮልት ገደማ ይበላል፤ በ6 ካሬ ወደ 1.1 ይወርዳል። ማሽኑ እየዞረ ባትሪውን መንቀል ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው፦ ጭነቱ ስለሚጠፋ ክንፉ ያለ ልክ ይፈጥናል፣ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ከፍ ይላል፣ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል። መጀመሪያ የፍሬን ማብሪያውን፣ ማለትም ሦስቱን የዲናሞ ሽቦዎች የሚያገናኘውን፣ ነፋሱ ገና ቀላል ሳለ ይዝጉ፤ ባትሪው ከዚያ በኋላ ይነቀላል።

በበጋ ፀሐይ ብቻውን ለሚበቃው ቤት ሌላ ሶላር መጨመር ይሻላል። ይህ ማሽን ቦታው የሚሆነው ክፍት ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ በደመና ሲሸፈንና ሌሊት ነፋስ ለሚያገኝ፣ ምሰሶውን ከፍ አድርጎ ለመትከል አቅም ላለው ነው። ሲገዙ የኩሽኔታውን ቁጥር ከጎኑ አንብበው አንድ ትርፍ አብረው ይያዙ።