በሰከንድ 50 ሳንቲም፦ ንጋኑን ያየሁበት ቤት

ስም የለውም። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰዓትና ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚገኝ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ «ፋዘር» ነው የሚለው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቡጢ አይቼ አላውቅም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው ጎትቶ የወሰደኝ። እስካሁን ሦስት ሌሊት ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ለአንድ ሰው ስል፦ ለካሜሩናዊው ተፋላሚ ፍራንሲስ ንጋኑ።

የመጀመሪያው ጥቅምት 17 ቀን 2016 ነበር። ንጋኑ ከእንግሊዛዊው ቡጢኛ ታይሰን ፉሪ ጋር፣ ሪያድ ላይ። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱ ለእነሱም ለእኛም እኩል ገፍቷል። መግቢያው 100 ብር። ስትከፍሉ እጃችሁ ላይ ማኅተም ይመታል፤ ቀለሙ እስከ ሰኞ አይለቅም። ቢሮ ውስጥ «ምንድን ነው ይሄ?» ተብያለሁ።

ወንበሩ አግዳሚ ነው፣ መደገፊያ የለውም። ዘግይቶ የመጣ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለመስቀል አደባባይ የሚበቃ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ዝም ብል ይሻላል። ሴት ከሆናችሁ ከቤት ስትወጡ ጨርሳችሁ ውጡ።

ሻይው ግን አንደኛ ነው። የፋዘር ባለቤት ናት የምታፈላው፣ ቅርንፉዱ ከበር ላይ ይሸታል።

ያን ሌሊት በሦስተኛው ዙር ንጋኑ ፉሪን ሲዘርረው ቤቱ ተገለበጠ። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ሻዩን ቀሚሴ ላይ ደፍቶ ይቅርታ ሳይል አቀፈኝ። አስር ዙር ሙሉ አየን። በመጨረሻ ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለፉሪ ፈረዱ፣ ቤቱም «ሌባ! ሌባ!» አለ። ለመቶ ብር ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ወንድሜ የንጋኑን ታሪክ የነገረኝ ወደ ቤት ስንሄድ ነው። ባቲዬ በምትባል ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር አደገ። በቀን የሚያገኘው ሁለት ዶላር አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአገሩ ወጣ። ሰሃራን አቋርጦ ሞሮኮ ደረሰ፣ ባሕሩን ደጋግሞ ሞክሮ በመጨረሻ ስፔን ገባና ሁለት ወር ታሰረ። ከዚያ ፓሪስ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ማደር። አብሮን ይሄድ የነበረ አንድ የሰፈር ልጅ ይሄን ሰምቶ «እኔም በየመን በኩል ሞክሬ ነበር» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ንጋኑ ስቲፔ ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የዩኤፍሲ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተደባለቀበት ውድድር ነው) የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ጉልበቱ ተጎድቶ እያለ ሲሪል ጋንን በነጥብ አሸነፈ። ለዚያ ውጊያ በይፋ የተመዘገበለት ክፍያ 600,000 ዶላር ነው። ለኔ ደመወዝ ይሄ ተረት ነው። ግን የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ አዳራሹም ቴሌቪዥኑም የሚሞላው በእሱ ነው። ንጋኑም ይሄን ሒሳብ ሳይሠራው አልቀረም። ዩኤፍሲን ቡጢ የመጫወት ነፃነት፣ የጤና መድን፣ ለተፋላሚዎች የሚናገር ሰው ጠየቀ። አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቀበቶውን ትቶ ወጣ። ብዙ ሰው «አበደ» አለው።

ከፉሪ ጋር ለተጋጠመበት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎ ከሌላው እንግሊዛዊ ቡጢኛ ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋር ለተጋጠመበት ወደ 20 ሚሊዮን እንዳገኘ ተዘግቧል። ሁለቱንም ተሸንፏል! አሸንፎ 600 ሺህ፣ ተሸንፎ ሚሊዮኖች። በሙያዬ እንዲህ ያለ መዝገብ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የጆሹዋው ሌሊት የካቲት 29 ነበር፤ አርብ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው። ሳምቡሳው የምስር ነው፣ ትኩስ፣ እንከን የለውም። ግን መግቢያው 150 ሆኗል። ለምን ስለው ፋዘር «የእሱም ጨምሯል፣ የኔ እናት» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ከዚያ በሁለተኛው ዙር ምስሉ ቀጥ አለ። ከየት እንደሚስበው አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። አርባ ሰከንድ ያህል ጆሹዋ አንድ እጁን ዘርግቶ እንደ ሐውልት ቆመ። ምስሉ ሲመለስ ንጋኑ መሬት ላይ ነው። ዋናውን ነገር ሳናይ አለቀ።

ደረሰኝ የሚባል ነገር ስለሌለ በናፕኪን ላይ አሰላሁት። ውጊያው ያለቀው በሁለተኛው ዙር 2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ላይ ነው፤ አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ስለሆነ በጠቅላላው 338 ሰከንድ። የተዘገበው እውነት ከሆነ ንጋኑ በሰከንድ 59 ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ግብሩና የአሰልጣኞቹ ድርሻ ሳይቀነስ። እኔ ያየሁት 298 ሰከንድ ነው፣ በሰከንድ 50 ሳንቲም ከፍያለሁ። በፉሪው ጊዜ ስድስት ሳንቲም እንኳን አልሞላም ነበር። ናፕኪኑን ይዤ ወደ ፋዘር ሄድኩ። አነበበው፣ ሳቀ፣ «እህቴ፣ የወደቀው እሱ ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ገንዘብ አልመለሰም። ሻይ ጋበዘኝ።

ሦስተኛው ጥቅምት 9 ቀን 2017። አሁንም ሪያድ፣ ግን ቡጢ አይደለም፤ ወደ ራሱ ድብልቅ ፍልሚያ ተመልሷል፣ ፒኤፍኤል በሚባለው ውድድር ከብራዚላዊው ሬናን ፌሬራ ጋር። ከዚህ ድርጅት ጋር ሲፈርም ተጋጣሚውም ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲያገኝ አስደርጓል። ይሄኛው ነው የወደድኩለት።

መብራት ጠፋ፣ ግን ፋዘር በጆሹዋው ሌሊት ተሰድቦ ስለነበር ጄነሬተር ተከራይቷል። ምስሉ አንዴም አልቆመም። ንጋኑ በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። ከዚያ አለቀሰ። የአስራ አምስት ወር ልጁ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ሚያዝያ ነው። «ሌባ! ሌባ!» ሲል የነበረ ቤት ያን ጊዜ ትንፍሽ አላለም። የጄነሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

የምትሄዱ ከሆነ ትራስ ያዙ፣ ከድምፅ ማጉያው በስተግራ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሻዩን ሳትጠጡ አትውጡ። ፋዘር ለሚቀጥለው 200 ነው ብሏል። ሻይ ካልተካተተበት ወንድሜ ብቻውን ይሂድ።