የኢንተርኔት ስልክ ለቢሯችሁ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዳማ ውስጥ ቆርቆሮና ብረት አከፋፍላለሁ። ባለፈው ወር አንድ የድሬዳዋ ደንበኛዬ ደውለው «ዛሬ እንዳትጭኑ» አሉኝ። እኔ የሰማሁት «ዛሬ … ጭኑ» ነው። «እንዳት» የምትለዋ መንገድ ላይ ቀርታለች። ስህተቱን ያወቅሁት መኪናው አዋሽን ካለፈ በኋላ ነው። የደርሶ መልሱን ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ፤ ደንበኛዬም እስካሁን እንደተቀየሙኝ ናቸው።

ይህ የደረሰብኝ የሦስት ዓመት ውል ፈርሜ ስምንት የኢንተርኔት ስልኮች ካስገባሁ በኋላ ነው። ሻጩ «ኢንተርኔታችሁ ፈጣን ነው፤ ችግር የለም። የስልክ ወጪንም ትረሱታላችሁ» ብሎኝ ነበር።

ስልኩ ድምፃችንን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየቆረጠ፣ በሰከንድ 50 ጥቅል አድርጎ ይልካል። አንድ ጥቅል ቢጠፋ ጆሮ ላያስተውለው ይችላል፤ ግማሽ ሰከንድ ሲጠፋ ግን 25 ጥቅል ነው፣ ቃል ይዞ ይሄዳል። ለአንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት የማይሞላ መስመር ይበቃል። ስለዚህ ለስልኮቹ ብቻ ቢሆን የእኔ መስመር አይጠብም ነበር። የመጋዘኑ ካሜራዎች ቀኑን ሙሉ ምስል የሚልኩት በዚያው መስመር ስለሆነ፣ ድምፁ ከምስሉ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ዘግይቶ የደረሰውን ጥቅል ስልኩ ይጥለዋል። ኢንተርኔቱን ለስልኮቹና ለካሜራዎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማድረግ የሻጩ ሥራ ነበር። አልነካውም! በኋላ የጠራሁት ባለሙያ ይህንኑ ሲያስተካክል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

«ነጻ» የተባለው ጥሪ ከቢሮ ወደ መጋዘን የሚደረገው ብቻ ነው። ወደ ደንበኛ ሞባይል ስትደውሉ ጥሪው ወደ ቴሌኮም ድርጅት መረብ ይገባል፤ ታሪፉም ይቆጥራል። የውጭ አገር ጥሪ በአቋራጭ አስገባላችኋለሁ የሚል ሻጭ ከመጣ ደግሞ ፈጽሞ አትቅረቡት፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 አለ።

መብራት ሲጠፋስ? የድሮው የመዳብ መስመር ስልክ ኤሌክትሪኩን በዚያው ሽቦ ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ ይሠራ ነበር። አዲሶቹ ከራውተሩ ጋር አብረው ይሞታሉ። ባትሪ ያስፈልጋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የመጨረሻው ነው። ውሉን ላፈርስ ስል፣ የስልኮቹ ቅንብር የሚከፈትበት ዋና የይለፍ ቃል ሻጩ ዘንድ መሆኑን አወቅሁ። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛኋቸው ስልኮች ከሌላ አገልግሎት ጋር አይሠሩም። የይለፍ ቃሉ ለእናንተ እንደሚሰጥ በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ አትፈርሙ። ከዚያም በፊት ሻጩ ሁለት ስልክ በውሰት አስገብቶ፣ ጠዋት ገበያ በሚደራበት ሰዓት፣ ካሜራው እየሠራ ያስደውላችሁ፤ ቆጣሪውንም አጥፍታችሁ እዩ። እምቢ ካለ ይሂድ።

ውሉን ማየት የሚፈልግ ነጋዴ ካለ፣ የድርጅቱን ስም ሸፍኜ አሳየዋለሁ።