በሁለት ዙር ሰልጣኞች የተፈተነ፦ ለዕጩ መኮንኖች የተዘጋጀ የሙያ እንግሊዝኛ ትምህርት ጥቅል ግምገማ

ይህ ግምገማ ለዕጩ መኮንኖች የሙያ እንግሊዝኛ ለማስተማር ስለተዘጋጀ አንድ የትምህርት ጥቅል ነው። ጥቅሉ የሰልጣኝ መጽሐፍ፣ የመምህር መመሪያና የድምፅ ቅጂዎች አሉት፤ እኔም በእርሱ ሁለት ዙር ሰልጣኞችን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አስተምሬያለሁ። ከዚያ በፊት የማስተምረው አጠቃላይ እንግሊዝኛ ስለነበር፣ መጽሐፉን እንደገለጥሁ የፈለግሁት የሰዋስው ማውጫውን ነበር፤ አላገኘሁትም። ምዕራፎቹ የተዋቀሩት አንድ መኮንን በሥራው ላይ በእንግሊዝኛ በሚፈጽማቸው ተግባራት ነው፦ ትዕዛዝ መቀበልና መስጠት፣ በሬዲዮ መነጋገር፣ ገለጻ ማድረግ፣ የሁኔታ ዘገባ መጻፍ፣ ቁስለኛ እንዲነሳ መጠየቅ። ሰዋስው የሚነሳው ተግባሩ ሲጠይቀው ነው። ይህ አሠራር መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ ግን የጥቅሉ ትልቁ ብልጫ እርሱ ሆኖ አገኘሁት።

የትዕዛዝ አጻጻፍ ምዕራፉ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በብዙ ሠራዊቶች ዘንድ የሚሠራበት የግዳጅ ትዕዛዝ አምስት አንቀጾች አሉት፤ እነርሱም ሁኔታ፣ ግዳጅ፣ አፈጻጸም፣ ድጋፍና አቅርቦት፣ እንዲሁም አዛዥነትና መገናኛ ናቸው። መጽሐፉ የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል አስሸምድዶ አያልፍም፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የትና ለምን የሚሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚይዘውን የግዳጅ አንቀጽ ደጋግሞ ያስጽፋል። እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ በሚያስቀምጥ ቋንቋ አፉን ለፈታ ሰው የዚህ ልምምድ ጥቅም ከፍተኛ ነው። እኛ ዓላማውን አስቀድመን ድርጊቱን አስከትለን እንናገራለን፤ በእንግሊዝኛው የግዳጅ ዓረፍተ ነገር ግን ፈጻሚው ክፍልና ድርጊቱ ቀድመው መጥተው ዓላማው በስተመጨረሻ ይከተላል። ሰልጣኞቼ በአማርኛ አስበው የጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች የሰዋስው ስህተት ሳይኖርባቸው፣ የትኛው ክፍል ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ለማወቅ ሁለት ጊዜ መነበብ ነበረባቸው። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ አብዛኞቹ በአንድ ንባብ የሚገባ ትዕዛዝ ይጽፉ ነበር።

የቃላት ክፍሉም እንዲሁ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። «ፊክስ» የሚለውን ቃል ሰልጣኞቹ ሁሉ «መጠገን» ብለው ያውቁታል፤ በውጊያ ትዕዛዝ ውስጥ ግን የጠላት ኃይል ካለበት ቦታ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። «ስክሪን» ዋናውን ኃይል ከድንገተኛ ጥቃት ለመጠበቅ ጠላትን እየተከታተለ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሽፋን ሲሆን፣ «ኢንጌጅ» ደግሞ ዒላማን በተኩስ መምታት ነው። ሰልጣኝ የማያውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልገዋል፤ የሚያውቀው የመሰለውን ግን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። የመጽሐፉ አዘጋጆች ይህን በመረዳት ብዙውን ገጽ የሰጡት ለእንዲህ ዓይነቶቹ የለመድናቸው ቃላት ነው።

የሬዲዮ ግንኙነት ምዕራፎቹ ከሁሉም የላቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ከአልፋ እስከ ዙሉ የሚዘልቀው የፊደላት አጠራር በድምፅ ቅጂ በሚገባ ተሰጥቷል። ቁጥሮቹ ሦስት «ትሪ»፣ አራት «ፎወር»፣ አምስት «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ «ናይነር» ተብለው የሚጠሩበት ምክንያትም በተግባር ይሰማል፤ ጩኸት በበዛበት መስመር ላይ የተለመዱት የአምስትና የዘጠኝ አጠራሮች በቀላሉ ይምታታሉና። ሰልጣኞቹ «ሮጀር» መልእክቱ መድረሱን፣ «ዊልኮ» ደግሞ ተረድቼ እፈጽማለሁ ማለትን እንደሚያመለክቱ ይለያሉ። «ኦቨር» መልስ እጠብቃለሁ፣ «አውት» ንግግሩ አብቅቷል ማለት ስለሆኑ ሁለቱን አያይዞ መናገር ለምን ስህተት እንደሆነም ይረዳሉ። ያልተሰማ መልእክት እንዲደገም የሚጠየቀው «ሴይ አጌን» በሚለው ሐረግ ነው፤ «ሪፒት» የሚለው ቃል በመድፈኞች ዘንድ ያንኑ ተኩስ ድገም የሚል ትዕዛዝ ነውና። ይህን ልዩነት ያስተማርሁበት ዕለት ክፍሉ የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም። ቁስለኛ በአየር እንዲነሳ የሚጠየቅበት ባለዘጠኝ መስመር መልእክት የተሰጠበት ምዕራፍም ጥሩ ነው፤ ሰልጣኙ ቁስለኞቹ የሚነሱበትን ቦታ፣ የሬዲዮ ሞገዱንና የቁስለኞቹን ብዛት በአስቸኳይነታቸው ደረጃ ከፍሎ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲያስተላልፍ ያሠለጥናል።

እጅግ ያሳሰበኝ ጉድለት የሚታየው ሰልጣኙ ከሬዲዮው ወጥቶ ከበላይ አዛዥ ፊት ሲቆም ነው። በገለጻ ምዕራፎቹ ውስጥ ባሉት የናሙና ንግግሮች አዛዡ ይናገራል፣ የበታቹ ይረዳል፣ ስብሰባው ይበተናል፤ አንድም ሰው «ጌታዬ፣ አልገባኝም» ሲል አይሰማም። ማዕረግ በሚከበርበት ቦታ በባዕድ ቋንቋ እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በአንደኛው ዙር አንድ ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ አንብቤ ግልጽ መሆኑን ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ መረዳታቸውን አረጋገጡልኝ፤ ወዲያው የመነሻ ሰዓቱን በወረቀት እንዲጽፉ ሳደርግ ግን ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ሰዓት ጻፈ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ አለመረዳትን በአክብሮት የሚገልጹበትን ሐረግ መጽሐፉም እኔም አላስተማርናቸውም።

ችግሩ እንግሊዝኛን በሚገባ በሚያውቁ መካከልም ይደርሳል። ስለ ኮሪያ ጦርነት ደጋግሞ እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1951 በኢምጂን ወንዝ ላይ ከባድ ጥቃት ሲደርስባቸው የነበሩት የብሪታንያ ብርጌድ አዛዥ ብሪጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላይ አዛዣቸው ነገሩ «ትንሽ አስቸጋሪ» መሆኑን ነገሩ። በብሪታንያውያን ልማድ ይህ የጭንቅ ንግግር ነበር፤ አሜሪካዊው ጄኔራል ግን ቃሉን እንደወረደ ወሰዱት። በብርጌዱ ሥር የነበረው የግሎስተርሻየር ሻለቃ በተራራው ላይ ተከቦ ቀረ፤ አብዛኛው ሰውም ተማረከ። እንዲህ ያለ ምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ ቢኖር፣ ሰልጣኙ የአደጋን ክብደት በቁጥርና በማያሻማ ቃል የመግለጽን አስፈላጊነት ይረዳ ነበር። እኔ በሁለተኛው ዙር ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ሰልጣኙ ግዳጁን፣ ዓላማውንና ሰዓቱን በራሱ ቃላት ለአዛዡ መልሶ እንዲያስረዳ አደረግሁ፤ ለማብራሪያ ጥያቄ የሚያገለግሉ ሐረጎችንም ለብቻ አዘጋጅቼ አስተማርሁ። ይህ ጭማሪ ከየምዕራፉ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመነሻ ሰዓቱ ስህተትም በዚያ ዙር እምብዛም አልታየም።

ሁለተኛው ጉድለት የድምፅ ቅጂዎቹ ናቸው። ተናጋሪዎቹ በሙሉ ብሪታንያውያንና አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ በሰላም ማስከበር ተልዕኮ የሚሰማራ መኮንን ግን በየዕለቱ የሚሰማው የባንግላዴሽ፣ የኔፓል፣ የሕንድና የሩዋንዳ መኮንኖችን እንግሊዝኛ ነው። በአስተርጓሚ በኩል ከሲቪል ሰው ጋር መነጋገርም በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ ገጽ ብቻ ይነሳል። የጽሑፍ ክፍሉ በቂ ነው፤ በተለይ የሁኔታ ዘገባ መልመጃዎቹ ሊቀየሩ አይገባም።

ስለ ምዘናው ግን ጠንከር ያለ ቅሬታ አለኝ። ኔቶ የሚጠቀምበት ስታናግ 6001 የተባለው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከ0 እስከ 5 ባሉት ደረጃዎች ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ መኮንን በማንበብ 3፣ በመናገር 1 ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። የጥቅሉ የማጠቃለያ ፈተና ግን ምርጫ ብቻ ነው። ከፍተኛ ውጤት ካመጡት ሰልጣኞቼ አንዱ በአፍ ገለጻ ሦስት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ አቅቶት አይቻለሁ፤ ወረቀቱ ይህን ሊነግረኝ አልቻለም።

ለመግዛት ለሚያስቡ ተቋማት ጥቅሉን እመክራለሁ፤ ነገር ግን መምህሩ የአፍ ፈተና ራሱ እንዲያዘጋጅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ወታደራዊ አሠራርን የማያውቅ ሲቪል መምህር ከሆነም በትዕዛዝና በሬዲዮ ምዕራፎቹ ላይ አንድ መኮንን አብሮት ቢቀመጥ ይበጃል። እኔም በቀጣዩ ዙር በመጽሐፉ አጋማሽ ላይ ያሉትን የሬዲዮ ምዕራፎች ወደ መጀመሪያው ሳምንት አመጣቸዋለሁ፤ ሰልጣኞቹ «ሴይ አጌን» ማለትን ከለመዱ በኋላ ወደ ገለጻው ክፍል እንገባለን።