ኅብስት በዘይት፦ ሰባት ቀን በማልታ

የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ በገባን ማግስት ጧት፣ ከአንዲት ጠባብ ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆመን ምን እንደምንበላ ስንመካከር፣ ከፊታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት «ሖብዝ ቢዝ ዘይት» ብለው አዘዙ፤ ባለቤቴም እኔም ያለ አስተርጓሚ ተረዳናቸው። ኅብስት በዘይት ማለታቸው ነበር። የወይራ ዘይት በደንብ የጠጣ ዳቦ ላይ ቲማቲም ታሽቶበት፣ የወይራ ፍሬ ተበትኖበት የሚቀርብ የዕለት ምግብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቱና ስለሚጨመርበት ዓሣ የማይበላ ጾመኛ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል። በሰባቱ ቀናት ካየነው ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ያቺን ጧት ነው፤ ማልታን ለአማርኛ ተናጋሪ መንገደኛ የምመክረውም ከባሕር ዳርቻዎቿ ይልቅ በቋንቋዋና በሕዝቧ ምክንያት ነው።

ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ጎዞና ኮሚኖ የተባሉትን ታናናሽ ደሴቶች ጨምራ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ አገር ናት፤ በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል። ቋንቋቸው በመካከለኛው ዘመን በሲሲሊ ይነገር ከነበረው ዐረብኛ የወጣ፣ ብዙ የጣሊያንኛ ቃል የተቀበለ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሴማዊ ልሳን ነው። ደምን «ደም»፣ ራስን «ራስ»፣ ሰማይን «ሰማ»፣ ባሕርን «ባሐር»፣ ልሳንን «ኢልሲየን» ይላሉ፤ «በይት» ግን ለእነርሱ የቤቱ ጣሪያ ነው። አብዛኞቹ ካቶሊኮች ሲሆኑ እግዚአብሔርን «አላ»፣ ዐቢይ ጾምን «ራንዳን» ብለው ይጠራሉ። ይህን በጆሮው የሰማ ሰው፣ ሃይማኖትና ቋንቋ በአንድ ሕዝብ ውስጥ እንዴት በየራሳቸው መንገድ ተጉዘው እንደሚገናኙ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይማራል።

ለእኛ አንባቢ ደሴቲቱ አዲስ አይደለችም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ «መላጥያ» የተባለችው እርሷ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ከሌሎች 275 ነፍሳት ጋር መርከቡ ተሰብሮበት ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጣ፣ የአገሩ ሰዎች በዝናብና በብርድ ውስጥ እሳት አንድደው ተቀብለውታል፤ ማልታውያንም ይህን ቀን በየዓመቱ የካቲት 10 ቀን (በሌላ ካልጠቀስኩ በቀር እንደ ሌሎቹ ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሕዝባዊ በዓልነት ያከብሩታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በዚያው ባሕር ላይ ከሊቢያ የተነሡ የኢትዮጵያና የኤርትራ፣ የሶማሊያም ልጆች በጀልባ ደርሰዋል፤ ብዙዎቹ ሐል ፋር በተባለው የቀድሞ የእንግሊዝ ጦር አየር ማረፊያ ግቢ ውስጥ በመጠለያ ኖረዋል። በቫሌታ ጎዳና የማይነገረውን ይህን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ወደቡን እንደ ሌላው ጎብኚ ብቻ ሊያየው አይችልም፤ እኔም አልቻልኩም።

ከቅርሶቹ ውስጥ ሐል ሳፍሊኒ የተባለው የምድር ውስጥ መቃብርና መቅደስ ከሁሉ ይበልጣል። ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራው ይህ ሥፍራ በ1902 ቤት ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች በአጋጣሚ ያገኙት ሲሆን፣ ዕድሜው ከግብፅ ፒራሚዶች ይቀድማል። የሰው ትንፋሽ ግድግዳውን እንዳይጎዳው በአንድ ጊዜ 10 ሰው ብቻ ስለሚገባ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት መግዛት ግድ ነው። የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ጠራቢዎቹ ጣሪያውን እንዴት የግንብ ሥራ እንዳስመሰሉት ሲያስተውል ቶሎ መውጣት አይፈልግም። ፎቶ ማንሳት መከልከሉን ወድጄዋለሁ፤ ሰው ሁሉ በዓይኑ እንዲያይ ያስገድዳል። በቫሌታው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ደግሞ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 የሣለው፣ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ የሚያሳየው ሥዕል አለ። ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥራው ሲሆን፣ የጻፈውም ከቅዱሱ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን የዮሐንስን መታሰቢያ የሚያከብር ምእመን ከፊቱ ቢቀመጥ ጊዜው መሄዱን አያውቅም።

አገልግሎቱን በተመለከተ የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለ። አውቶቡስ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፣ ዋጋውም አይከብድም፤ ለነዋሪዎች ከጥቅምት 2022 ወዲህ በነፃ ሆኗል። ሆኖም የመኪናው ብዛት ከመንገዱ አቅም በላይ ስለሆነ በካርታ ቅርብ የሚመስል ቦታ ለመድረስ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ፤ በቀን ከሁለት ቦታ በላይ ማቀድ ድካም ብቻ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ማረፊያችን ንጹሕና ባለቤቶቹም ትሑት ነበሩ፤ ነገር ግን ከአጠገቡ ሕንፃ እየተሠራ መሆኑን ሳይነግሩን ስላስገቡን በየጧቱ በማሽን ድምፅ ነቅተናል። ደሴቲቱ በሙሉ የግንባታ ክሬን የሞላባት ስለሆነች፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ስለዚህ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ።

ወደ ጎዞ የምትሻገረው ጀልባ 25 ደቂቃ ያህል ትፈጃለች፣ ክፍያውም ሲመለሱ ብቻ ነው። ጎዞ ጸጥ ያለች፣ እርሻ የሚታይባት፣ በጂጋንቲያ ጥንታዊ መቅደሶቿ የምትኮራ ደሴት ስለሆነች ቢያንስ አንድ ሌሊት ሊታደርባት ይገባል። ኮሚኖ ግን ውኃዋ እጅግ ያማረ ቢሆንም በጎብኚ ብዛት ስለተጨናነቀች ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ አልመክራትም። እሑድ ጧት ማርሳሽሎክ ወደሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር መሄድን ግን አትተዉ፤ «ሉዙ» የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ጀልባዎች በፊታቸው ላይ ሁለት ዓይን ተሥሎባቸዋል፣ አጥማጆቹም ዓይኖቹ ከክፉ ይጠብቁናል ብለው ያምናሉ።

እኛ የሄድነው በጥቅምት ነው፤ ባሕሩ ገና ሞቅ ያለ፣ ሰውም የቀነሰ ነበር። ባለቤቴ ለቅዱስ ጳውሎስ በዓል በየካቲት እንመለስ ብላለች። በዚያ ወር የሚሄድ ሰው ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ የድንጋይ ቤቶቹ እርጥበት የሚይዙና ብዙዎቹም ማሞቂያ የሌላቸው ናቸው።